ስልኬ አልነሣ ያለበት ምክንያት

ይድረስ ለምሳሳልህ ለታላቅ ወንድሜ ለይሳቅ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ወደብ ላይ ቆመህ ስትውል የሚይዝህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ «ደኅና ነኝ» እያልክ ነው? ያ ትኩሱ ነፋስ፣ ሐምሲኑ፣ ጀምሯል ሲሉ ሰማሁ፤ አሸዋው ዓይናችሁን እንዴት አድርጎት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ቢታንያስ ለጤናዋ እንዴት ናት? ልጃችሁ ፍራኦልስ? ያ ሲነቀነቅ የነበረው ጥርሱ ወለቀለት? ትምህርት ቤት መግቢያ ላይ ያለቅሳል ብለኸን ነበር፤ አሁን ለመደ? እኛ ሙቀቱ ካልሆነ በቀር የሚያስቸግረን የለም፤ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እማዬ ደኅና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ አሁንም ቀፊራ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ከነጋዴዎቹ ጋር በኦሮምኛ ተከራክራ፣ በሶማልኛ ተቆጥታ፣ በአማርኛ ታርቃ ነው የምትመጣው።

«እኔም ደኅና ነኝ» ብዬ ላልፈው ነበር፤ እጄ ግን እሺ አላለኝም። ደጋግመህ ስትደውል ስልኬ አልነሣ ብሎህ እንደተጨነቅህ አውቃለሁ። እማዬ «ሐረር ለሥልጠና ሄዳለች፤ ስልኳም ወድቆ ተሰብሯል» እንዳለችህም ነግራኛለች። ይሳቅ፣ ሥልጠና አልሄድኩም። ታስሬ ነበር። አሁን ተፈትቻለሁ፣ ቤቴ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ፤ ስለዚህ የቀረውን ተረጋግተህ አንብበው። በእማዬም እንዳትቆጣ። ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ ፈርታ ነው። ስልኬ እስካሁን ፖሊስ ጋ ስለሆነ፣ በሰው ስልክ ደግሞ ይህን ሁሉ ማውራት ስላልሆነልኝ፣ ደብዳቤውን ለሾፌሩ ለገዲ ሰጥቼዋለሁ። መኪናውን ጭኖ ወደ እናንተ ስለሚወርድ በእጅህ ያደርስልሃል።

ከዚራ ሰፈር ያለው የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሲበላሹ እጠግናለሁ፣ ሰው የይለፍ ቃሉን ሲረሳ እከፍታለሁ፣ ፕሪንተር ሲቆም እኔ ነኝ የምጠራው። የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ አለምብርሃን አንድ ቀን ቢሮው አስጠርቶኝ በሩን ዘጋና፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተሮቻችሁ ደኅንነት ተፈትሾ ይነገረን እንዳለ ነገረኝ። «ሠራተኛው ሳያውቅ ነው መሞከር ያለብሽ፤ ካወቁማ ሁሉም ጨዋ ይሆናል» አለኝ። ወረቀት እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት። እንዲህ ያለ ሙከራ ያለ ወረቀት እንደማይደረግ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። «የእኔ ቃል አንሶሽ ነው?» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እንደዚያ ነው የተጀመረው።

ሙከራው ምን መሰለህ፤ ኮምፒውተር ሞኝ ነገር ነው። በኬብል የተሰካበትን ነገር «ምንድነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ኪቦርድ ነኝ» ካለው አምኖ ይቀበላል። መታወቂያ አሳየኝ አይልም። ከታይዋን ገበያ የገዛኋት፣ ጥጓ የተሰነጠቀች አሮጌ ስልኬ ትዝ ትልሃለች? እሷ ላይ አንድ ፕሮግራም ጫንሁባት። ከዚያ ወዲያ ኬብሉ ሲሰካ «ስልክ ነኝ» አትልም፤ «ኪቦርድ ነኝ» ትልና እኔ አስቀድሜ ያዘጋጀሁላትን ራሷ ትጽፋለች፤ ሰው በጣቱ ሊደርስበት በማይችል ፍጥነት። ሲፈለግ ፍላሽ መምሰልም ትችላለች። መጀመሪያ የሞከርኩት አንተ ትተኸው በሄድከው ላፕቶፕ ላይ ነበር። እማዬ አጠገቤ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ፊደሎቹ ማንም ሳይነካቸው ሲደረደሩ አየችና «ይሄ ነገር ደግ አይመስለኝም» ብላ ሽንኩርቷን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ክፉ ሰው ከያዘው በእርግጥም ደግ አይደለም። የሙከራው ዓላማም ክፉው ሳይመጣ በሩ ክፍት መሆኑን ማወቅ ነው።

የማንን ኮምፒውተር እንደምሞክር ስመርጥ አዴር ሮብሌን መረጥሁ። አዴር ሮብሌን አታውቀውም፤ የጉምሩክ ሰነዶቻችንን የሚያዘጋጀው ሽማግሌ ነው። የጡረታ ዕድሜው ቢያልፍም ሥራውን የሚተካው ስለጠፋ በኮንትራት ያቆዩት ሰው ነው። ሶማሌውም፣ ኦሮሞውም፣ እኛም ሁላችን አዴር እንለዋለን፤ አጎት እንደማለት ነው። ገና ሥራ ስጀምር የመጋዘኑን ሰዎች አንድ በአንድ ያስተዋወቀኝ እሱ ነው።

ጠዋት ላይ ስልኬን ከነኬብሏ ይዤ ሄድሁና «አዴር፣ ባትሪዬ ሊያልቅብኝ ነው፤ ኮምፒውተርህ ላይ ልሰካት?» አልሁት። ጠረጴዛው ላይ በኮምፒውተሩ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ አለችው። ሌላ ክፍት መሰኪያ ስላልነበረ፣ እኔ ምንም ሳልለው ማራገቢያዋን ነቅሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ። ግንባሩ ወዲያው ማላብ ጀመረ። «ሰኪ፣ ሰኪ» አለኝ። ሰካኋት።

ወዲያው መስኮት ተከፈተና ጽሑፉ መደርደር ጀመረ። የግዕዙን ፊደል እንዲያ አድርጎ ማስጻፍ ስላስቸገረኝ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር ያዘጋጀሁት። «ይህ ኮምፒውተር የማያውቀውን ስልክ አምኗል። ምንም አልተነካም። ምንም አልተወሰደም። ኑሀሚን» ይላል። አዴር እጆቹን ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደ ላይ ያዛቸው።

«እኔ አልነካሁም፤ ወላሂ አልነካሁም!» አለ። «ጂን ገባበት እንዴ?»

ነገርኩት። ስልኬ እንደሆነች፣ ሙከራ እንደሆነ፣ ምንም እንዳልተበላሸ ነገርኩት። መነጽሩን አድርጎ ጽሑፉን እንደገና አነበበና ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን ለምን መረጥሽኝ?» አለኝ።

«እምቢ ስለማትለኝ» አልሁት። እውነቱ እሱ ነበር፤ ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ። ስልኬን ራሱ ነቅሎ በእጄ ሰጠኝና ማራገቢያውን መልሶ ሰካ።

ይህ በዚህ ቢያበቃ ይቅርታ ጠይቄው እናልፈው ነበር። ነገር ግን ለአቶ አለምብርሃን ሙከራው እንደያዘ ስነግረው ደስ ብሎት ከቢሮው ወጣ። ሠራተኛው በሙሉ በየጠረጴዛው ነበር። አዴር ሮብሌ ፊት ቆመና «በአንድ ስልክ ተበላህ አይደል!» አለው። «እኔ ነኝ የላክኋት። እውነተኛ ሌባ ቢሆን መጋዘኑን ተሸክሞልህ ይሄድ ነበር። እርጅና እንዲህ ነው!» ሰዉ ሳቀ። አንዳንዱ ከልቡ ነው የሳቀው፣ አንዳንዱ አለቃ ስለሳቀ። አዴር «እሺ» ብቻ አለና ወደ ሰነዱ ዞረ። እኔ ስልኬን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከመጋዘናችን የጎማ ጭነት ጠፋ። ባለቤቱ ዕቃዬን ልውሰድ ብሎ ሲመጣ «ወስደሃል፤ የመውጫ ሰነዱ ተሠርቷል» ተባለ። ሰውየው ጮኸ፣ ፖሊስ መጣ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤትም ሰዎች መጡ። የመውጫው ሰነድ የተሠራው በኮምፒውተር ስለሆነ ጥያቄው ኮምፒውተር ማን ነካ የሚል ሆነ። አንዱ «ኑሀሚን ስልኳን ሰክታ ነበር» አለ። ይህም እውነት ነው፣ ሰክቻለሁ። አቶ አለምብርሃንን ሲጠይቁት «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላዘዝኩም፤ እኔም እንደናንተ ዛሬ መስማቴ ነው» አለ። ይህን ሲል አጠገቡ ቆሜያለሁ። ፊቴን እያየ ነው ያለው። ድምፁ እንኳን አልተለወጠም።

ይሳቅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሰው ይጮሃል፣ ወይም ያለቅሳል፣ ወይም እግሩ ይከዳዋል ብዬ አስብ ነበር። እኔ ምንም አልሆንኩም። እግር ሲደነዝዝ መሬት ብትረግጥም የራስህ እግር እንዳልሆነ ይሰማህ የለ? እኔን ሁለመናዬን እንደዚያ ነው ያደረገኝ። ፖሊሱ «ተነሺ እንሂድ» ሲለኝ ቦርሳዬን አነሣሁ፣ ኮምፒውተሬን በደንቡ ዘጋሁ፣ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስገባሁና ሄድሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ማታ ለእማዬ ዳቦ መግዛት እንዳለብኝ አስብ ነበር።

መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም። አልጮኸብኝም፣ አልነካኝም። «ማን አዘዘሽ?» ሲለኝ ነገርሁት። «እሱ አላዘዝኩም ይላል። ወረቀት አለሽ?» የለኝም። «የሰማ ሰውስ?» «ሁሉም ሰምተዋል» አልሁት። ያን ጊዜ እንኳን ቀላል መስሎኝ ነበር። ስልኬን የመረመረው ባለሙያ ደግሞ ኪቦርድ የሚያስመስላትን ፕሮግራም አገኘ። መርማሪው «ንጹሕ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ስልኩ ላይ ምን ይሠራለታል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለአንተ እንደገለጽኩልህ አድርጌ ገለጽኩለት። እየተናገርኩ ግን ለራሴም የሌባ ወሬ መሰለኝ።

የቢሮ ሰዎች አንድ በአንድ እየተጠሩ ቃላቸውን ሰጡ። አንዱ ስልክ ላይ ነበርኩ አለ። አንዱ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር አለ። ማርቲ፣ ከአጠገቤ የምትቀመጠው፣ እናታችን ቤት ለዓመት በዓል መጥታ የበላችው ማርቲ፣ «ስለ ሥራ ሲያወሩ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ ግን አላስተዋልኩም» አለች። መርማሪው ይህን ሲያነብልኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቀን መቁጠሪያ አይ ነበር። ያለፈው ወር ገጽ አልተገለበጠም። ማንም አለመገልበጡ ገረመኝ። የገረመኝ እሱ ብቻ ነው።

የሴቶቹ ክፍል ውስጥ በደወሌ መንገድ የኮንትሮባንድ ልብስ ጭና የተያዘች አንዲት ሶማሌ ሴት ነበረች። «ምን ሰርቀሽ ነው?» አለችኝ። «ስልክ ሰክቼ» አልኋት። «የማንን ስልክ?» «የራሴን።» መጀመሪያ ያላገጥሁባት መሰላት፤ ቆይታ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር «ይቺ የራሷን ስልክ ሰክታ የታሰረች ናት» እያለች ታስተዋውቀኛለች። ሁሉም ሲስቁ እኔም ፈገግ እላለሁ። ፀጉሬን ሠራችልኝ። ጥብቅ አድርጋ እየሳበች ስትሠራኝ እንኳን ራሴን አላመመኝም። እማዬ በየቀኑ ምግብ ታመጣልኛለች። በሩ ላይ ቆማ «በላሽ?» ትለኛለች። «በላሁ» እላታለሁ። በልቼም ይሆናል፤ ምን እንደበላሁ ብትጠይቀኝ ግን አላውቅም። ፍርድ ቤት አቅርበውኝ መርማሪው ቀጠሮ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ መለሱኝ። እማዬ እዚያም መጥታ ነበር፤ የክት ነጠላዋን ለብሳ። ለኔ ዳኛው ሰርግ የጠራት ሰው ነው የመሰለችኝ። ይህን በማሰቤ ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርሁም።

በዚህ ሁሉ መካከል አዴር ሮብሌ አልነበረም። እህቱ ሞታ ለቅሶ ሺኒሌ ሄዶ ነበር። ፖሊስም አልጠራውም፤ አቶ አለምብርሃን «እሱ ተበዳይ ነው፤ የተታለለው እሱ ነው፤ እሱን አታስቸግሩት» ብሏቸው ነበር አሉ። ሲመለስ ቢሮ ይገባና ወንበሬን ባዶ ያየዋል። «ልጅቷስ?» ይላል። ይነግሩታል። ያን ዕለት ቦርሳውን እንኳን ሳያስቀምጥ፣ ማንም ሳይጠራው፣ በእግሩ ጣቢያ መጣ።

የተናገረውን መርማሪው ራሱ ነው የነገረኝ። እየነገረኝ ፈገግ ይል ነበር። አዴር ሮብሌ እንዲህ አለ፦ «ልጅቷ አታልላኛለች። ቅር ብሎኛል፤ አልዋሽም። አለቃው ግን ሰው ሁሉ ፊት ‹እኔ ነኝ የላክኋት› ብሏል።» መርማሪው «እርግጠኛ ነህ? ዕድሜህ ገፍቷል፤ በደንብ ሰምተኸዋል?» ብሎ ቢጠይቀው «አቦ፣ እኔ ሲሰድቡኝ በደንብ ነው የምሰማው» አለው። ከዚያም የሳቀውን ሰው በሙሉ ከነተቀመጠበት ቦታ ነገረው። «እነዚህ ሁሉ ሳይሰሙ በምን ሳቁ? ጠይቅልኝ» አለው።

መርማሪው ጠየቃቸው። ሁለተኛ ሲጠሩ ሻይ ሊጠጣ የወጣው ሰው አለመውጣቱ ትዝ አለው። ማርቲም አስተዋለች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ተበጠሰ ዶቃ ነው የተበተነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት ሰዎች መዝገቡን ሲያዩ፣ የጎማው መውጫ የተሠራው ከአዴር ኮምፒውተር ሳይሆን ከመጋዘኑ፣ በአቶ አለምብርሃን የይለፍ ቃል ሆኖ ተገኘ። በዚያ ሰዓት እሱ ራሱ ስብሰባ ላይ ነበር። እንዳይመላለስ ብሎ የይለፍ ቃሉን ለአንድ የመጋዘን ሰው ሰጥቶት ነበር። ሰውየው ተይዟል፤ ፍርዱን ገና ስላላገኘ ስሙን አልጽፍልህም። አቶ አለምብርሃን የካደኝ ጎማውን ሰርቆ አይደለም፤ የይለፍ ቃሉ ነገር እንዳይወጣበት ነው። እኔን ከጠየቁ እሱ ጋ አይደርሱም ብሎ ነው። አሁን ከሥራ ታግዷል። ልጠላው ሞክሬ ነበር፤ ያው ፊቱ ብቻ ነው የሚመጣብኝ።

ሲለቁኝ እማዬ በር ላይ እልል አለች። ጎረቤቶቿን ይዛ ነበር የመጣችው። አቀፉኝ፣ ሳሙኝ፣ አንዷ ውሃ ረጨችኝ። እኔ የእማዬን አፍ አይ ነበር፤ እልልታው ከሩቅ፣ ከሌላ ግቢ የሚመጣ ይመስለኛል። «ደስ አላለሽም እንዴ?» አለችኝ። «ብሎኛል» አልኋት። ደብዳቤዬን የምታነበው እሷ ብትሆን ይህን አልጽፈውም ነበር።

ማርቲ ብርቱካን ይዛ ቤት መጣች። ገና ሳትቀመጥ አለቀሰች። «ልጆች አሉኝ፤ ሥራዬን ባጣ ማን ያበላልኛል?» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኋት። በእርግጥም አውቃለሁ። «ትጠይኛለሽ?» አለችኝ። «አልጠላሽም» አልኋት፤ ይህም እውነት ነው። ጀርባዋን ደባበስሁላት። ያለቀሰችው እሷ፣ ያጽናናሁት እኔ። ስትወጣ እማዬ «አንጀትሽ እንዴት ቻለ?» አለችኝ። አንጀቴን ብጠይቀው አይመልስልኝም።

ድርጅቱ ተመለሺ ብሎኛል። ዋናው መሥሪያ ቤት ሙከራውን በሁሉም ቅርንጫፍ እንድቀጥለው ይፈልጋል፤ አሁንስ በማኅተም ወረቀት። እመለሳለሁ ብያለሁ፤ ሰውን ሳያውቅ መሞከሩን ግን አልቀጥልም ብያቸዋለሁ። ሰብስቤ፣ ይኸው ስልክ፣ ይኸው ኬብል፣ እንዲህ ነው የሚደረግባችሁ ብዬ ላሳያቸው እችላለሁ። «እንደዚያማ ማን እንደሚታለል አናውቅም» አሉኝ። «ሁላችንም እንታለላለን፤ እሱን በኔ እወቁት» አልኋቸው። እያሰቡበት ነው። የአዴር ሮብሌን ኮንትራት ግን አላደሱለትም። «ዕድሜው ደርሷል» ነው ያሉት። ዕድሜውማ ድሮም ደርሶ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ጣፋጩን ሙሸበክ ገዝታ «ተነሺ፣ ሰውየውን እናመስግን» አለችኝና ሐፈት ኢሳ ሰፈር ቤቱ ሄድን። በረንዳው ላይ ሽርጡን አገልድሞ ተቀምጧል። ባለቤቱ የፍየል ወተት የገባበት ሻይ አመጣችልን። እማዬ ተነሥታ እጁን ልትስም ስትል «ተዪ፣ ተዪ!» ብሎ እጁን ደበቀ። አመሰገነችው፣ መረቀችው፣ በሶስት ቋንቋ። እኔ ምስጋናውን አዘጋጅቼ ነበር የሄድሁት፤ አፌ ውስጥ ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ዞረብኝ። በመጨረሻ «አዴር፣ እኔ እንደዚያ አድርጌህ ለምን መጣህልኝ?» አልሁት።

«ስለ ሰማሁ ነዋ» አለኝ። «የሰማሁትን አልሰማሁም እንድል ፈልገሽ ነበር?»

ሻዩን ጠጣ። ቆይቶ «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «አስተምረሽኛል። ትናንት ጎረቤታችን ስልኬን ልትደውልበት ለመነችኝ። የለኝም አልኋት። ኪሴ ውስጥ ነበረ። እንዲህ አድርጌ አላውቅም፤ በዚህ ሰፈር ሰው ለምኖኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። ሙከራሽ ሠርቷል።» ሲናገር አልተቆጣም። ለዚያ ነው የከበደኝ። ይቅርታ አልሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ እሺም አላለኝ፣ እምቢም አላለኝ።

የዐሥር ሰዓቱ አዛን ሲሰማ ሊሰግድ ተነሣ። በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ከደረት ኪሱ ስልኩን አወጣና ከፍቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ሐርጌሳ ያለው ልጄ ዐብዲራዛቅ ሲደውል ድምፁ አይሰማኝም። አንዳንዴ የታመመ ይመስለኛል፣ አንዳንዴ የሚደብቀኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። እስኪ እይልኝ» አለኝና ለመታጠብ ወደ ጓሮ ሄደ። እማዬም ባለቤቱን ልትረዳ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር። ይሳቅ፣ በረንዳው ላይ እኔና የተከፈተው ስልኩ ብቻ ቀረን።

ምንም የከበደ ነገር አልነበረበትም። ድምፅ የሚወጣባት ቀዳዳ በድሬ አቧራ ተደፍናለች። ከባለቤቱ መርፌ ለምኜ፣ በጨርቅ እየጠረግሁ፣ አቧራውን ቀስ እያልሁ አወጣሁ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። አስቤ አይደለም፤ ምን እንዳሰብኩም አላውቅም። መርፌዋ አልታይ አለችኝ። ስልኩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቴን ወደ ጎን አዞርሁ፣ ግን አልቆመልኝም። የአዴር ባለቤት ሻይ ልትጨምርልኝ ብቅ ብላ አየችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠችና አጠገቤ ተቀምጣ የሻሿን ጫፍ ሰጠችኝ። እንደ ልጅ አፍንጫዬን በሷ ሻሽ ጠረግሁ። ከዚያ መርፌዋን ከእጄ ወስዳ የቀረችውን ራሷ ጨረሰችልኝ።

አዴር ሰግዶ ሲመጣ ዓይኔን አየና ሳያይ እንዳለፈ ሰው ሆነ። ለልጁ ደወለ። የዐብዲራዛቅ ድምፅ በረንዳውን ሞላው። አዴር ስልኩን ከጆሮው አራቀና «ምነው ትጮህብኛለህ!» አለው በሶማልኛ። ልጁ ለካ እስከዛሬ ለአባቱ እንዲሰማለት እየጮኸ ኖሯል። እማዬ ከውስጥ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ በዚህ ወር ሰው ስለሳቀ ሳይሆን ከራሴ የሳቅሁት የመጀመሪያው ሳቅ ነው መሰለኝ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ምን ላድርግ ብዬ አልጠየቅሁህም፤ እንድታውቀው ብቻ ነው። እንዳትመጣ፤ ወገብህን አሳርፈው። ስልኬ የሌላው ሰው ጉዳይ ሲያልቅ ይመለስልሻል ተብያለሁ። እስከዚያ በእማዬ ስልክ ደውል፣ እኔም አነሣለሁ።

ለቢታንያ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው ሽቶ ደርሶኛል፣ ገና አልከፈትኩትም በላት። ፍራኦልን ጉንጩን ሳምልኝ፤ የወለቀውን ጥርስ አክስቱ ልታየው ስለምትፈልግ እንዳይጥለው። ለጎረቤቶቻችሁ፣ ከአንተ ጋር ወደብ ለሚውሉት ድሬዎች ሁሉ ሰላም በልልኝ። ከዚህ እማዬ በእግዚአብሔር ስም ሰላም ትልሃለች፤ የዋሸሁትን ይቅር በለኝ ብላለች፤ ቢታንያን ሳምልኝ (የልጅ እናት ናትና እንዳትደክም) ብላለች፤ ፍራኦልን ናፍቄዋለሁ ብላለች። አዴር ሮብሌም ወንድም እንዳለኝ ስነግረው ሰላም በዪልኝ ብሎሃል። ለገዲ ምሳ ሳታበላው እንዳትለቀው፤ እምቢ ቢልህም አታምነው።

እህትህ ኑሀሚን

ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.